ሣሩን ነቅለን ጦስኝ የተከልን ጊዜ

ከዓረብ አገር ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ልብስና ብርድ ልብስ ነበረ፤ ልቤ ውስጥ ደግሞ ሣር። ተቀጥሬ የሠራሁላት ሴትዮ ግቢዋን ሣር አልብሳ ዳር ዳሩን አበባ ሰብሰብ አድርጋ አስተክላበት ነበር። ጠዋት ጠዋት ጎማ ይዤ የማጠጣው እኔ ነኝ። የራሴ ቤት ሲኖረኝ እንዲህ ያለ ሣር ይኖረኛል ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር።

ደብረ ታቦር ዳር፣ ተዳፋት ላይ ያለች ትንሽ ቤት ስገዛ ከአልጋና ከወንበር በፊት ያሰብኩት እሱኑ ነው። ከባሕር ዳር በጭነት መኪና አስመጥቼ አስነጠፍኩ። ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ እያጠጣልኝ፣ እኔ በረንዳ ላይ ቆሜ እየኮራሁ ከረምን። ኅዳር ሲገባ ግን የቧንቧው ውሃ በሳምንት አንድ ቀን፣ እሱም ደስ ሲለው መምጣት ጀመረ። ሣሩ ከዳር ዳር ገረጣ። የልብስ እጣቢ ብደፋበት ባሰበት። ከዚያ ወዲያ በበርሜል ያጠራቀምኩትን ንጹሕ ውሃ እየቀዳሁ አጠጣው ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ስሠራ ጎረቤቴ የሆኑ አሮጊት ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለው ገቡ።

«ልጄ፣ ለወጥ የምትሆን ውሃ አታጪም?»

ከዚያ በእጄ የያዝኩትን ጆግ አዩ፤ ሣሩን አዩ። ጀሪካኑን ሞልቼ እስከ ቤታቸው ተሸከምኩላቸው። እሳቸው ስለ ጉንፋናቸው ሲያጫውቱኝ እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እል ነበር።

በዚያው ሳምንት አባቴ ሊጠይቁኝ ከእብናት መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝናብ በሚሰስተው መሬት ላይ ያረሱ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ቢጫውን ሣር አዩት።

«የምን ከብት ልታረቢ ነው?»

«ለማየት ነው አባባ።»

«ለማየት!» ሳቃቸው መጣ። «ምነው አገሩን የለመደ ነገር ብትተክዪ?»

«የለመደው አያምርማ!»

«እኩሌታውን ስጪኝ። ካስጠላሽ መልሼ ሣር አደርግልሻለሁ።»

ሰጠኋቸው። ሣሩን ከገለበጡ በኋላ ችግኝ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ የጠየቁኝ ውሃ ነው፤ አንድ ጆግ። ከግቢው ራስ ላይ አፈሰሱትና ወዴት እንደሚሄድ ቁጢጥ ብለው ተመለከቱ። ከዚያ ተዳፋቱን አቋርጠው እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ካብ ካቡ። ከጣሪያው አሸንዳ የሚወርደው ውሃ ከካቡ ጀርባ እንዲገባ ቦይ ቀደዱለት። ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ጠጥቶ ያስቀምጣል አሉ።

ተክሉን አብረን ፈለግነው። ከጉና ተራራ ጦስኝ ከነሥሩ፣ ከዘመድ ማሳ ዳር እሬት፣ ከችግኝ ጣቢያ አንድ ወይራ አመጣን። የተጣላነው ስንተክል ነው። አባቴ እሬቱን እንደ ትልም ቀጥ አድርገው ደረደሩት።

«አባባ፣ ጎመን አስመሰሉት እኮ!»

ነቅዬ ሦስት ሦስቱን በየቦታው ሰብሰብ አድርጌ ተከልኩት፤ ረጅሙን ከኋላ፣ ጦስኙን ከፊት፣ በመሃል ጠጠር የፈሰሰበት ጠመዝማዛ መንገድ። ያችን ያህል ከአሠሪዬ ግቢ ተምሬ ነበር።

«የተበተነ በግ!» አሉ አባቴ። በር ድረስ ሄደው ከሩቅ አዩት። «መቼም ገደሉ ላይም ሲበቅል እንዲሁ ነው» ብለው ተመለሱ።

ጎረቤቴ ግን እሬቱን ሲያዩ ደነገጡ። «ማን ሞተ?» አሉኝ። መቃብር ላይ እንጂ ግቢ ውስጥ አይተውት አያውቁም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን ነው፤ ግን ከፋኝ። ለእኔ የቀረችው እኩሌታ ሣር ደግሞ ጥር ሳያልቅ ደረቀች። በገዛ እጄ ነቀልኳት፤ በቦታዋም ጦስኝ አስፋፋሁ።

በዓመቱ፣ አገሩ ሁሉ ገለባ በመሰለበት ወር፣ እሬቱ ቀይ አበባውን እንደ ጧፍ አቆመ። ጦስኙ ጠጠሩን አልፎ ተስፋፍቶ ሲረግጡት ያውዳል። አትክልት ያጠብኩበትን ውሃ ለወይራው ከመድፋት በቀር ሌላ ሥራ የለብኝም።

ያን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ የምትኖር አስተማሪ ልታገባ ነበርና ፎቶ አንሺው ግቢዬን በአጥር አሻግሮ አይቶ ለምኖኝ ሙሽሮቹን ይዞ ገባ። ሙሽሮቹ እሬቱ ፊት ቆሙ። አባቴም ያን ቀን እኔ ዘንድ ነበሩ።

«አባት፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን» አለ ፎቶ አንሺው።

«ቆይ፣ የውሃው መንገድ በዚህ በኩል ነው» ብለው ለሙሽራው ቦዩን ያሳዩት ጀመር። ሙሽሪት ሳቀችና «ይቁሙ፣ አብረውን ይነሡ» አለች።

በደረሰኝ ፎቶ ላይ ሙሽሪት እየሳቀች ነው፤ አባቴ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው በዱላቸው ካቡን ያመለክታሉ፤ ሙሽራው ሚስቱን ትቶ ጎንበስ ብሎ ቦዩን ያያል።