ሦስት እግር ያለው ፈረስ

የያዙኝ ዳንግላ ካለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ነው። ማሽኑ ገና አልሞቀም ነበር። ሁለት ሰዎች ገብተው አንድ ወረቀት አሳዩኝና "ይሄን ያባዛሽው አንቺ ነሽ?" አሉኝ። በቀን ስንት ሰው ስንት ወረቀት ይዞ እንደሚመጣ ልነግራቸው ጀመርኩ፤ አላስጨረሱኝም። ነጠላዬን እንኳ ሳላነሳ በመኪና ወደ ኢንጅባራ ወሰዱኝ። የአራት ዓመት ልጄ እህቴ ቤት ነበረች። ማታ እመጣለሁ ብያት ነበር የወጣሁት።

ክፍሉ ድሮ ዕቃ ግምጃ ቤት የነበረ ይመስላል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ የረጠበ፣ መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ደብተር የምታህል። የኢንጅባራ ብርድ ድሮም ስሙ የወጣ ነው፤ በክረምት ከሲሚንቶ ላይ ሲነሳ ግን አጥንት ይገባል። ውስጥ ያገኘሁት አንዲት ሴት ብቻ ነው። ዳንግላ ገበያ ልብስ የሚሰፉ፣ ስድሳ ያለፋቸው ሙስሊም እናት ናቸው። ልጃቸውን ሊይዙ የመጡት ሰዎች ሲያጡት እሳቸውን ወሰዱ። ቡናማ ብርድ ልብሳቸውን ግማሹን ወደኔ ሳብ አድርገው "ቁጭ በይ ልጄ፤ እዚህ መቆም አያዋጣም" አሉኝ።

እህቴ በየቅዳሜው በሚኒባስ ትመጣ ነበር። ምግብና የታጠበ ልብስ ታስገባለች፣ የቆሸሸውን ትወስዳለች። ወረቀትና እስክሪብቶ መግባትም መውጣትም ክልክል ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ለአፍታ በአጥሩ በኩል አገናኙን፤ በር ላይ ዕቃ የምትበረብረው ፈታሿ መሃላችን ቆማለች።

"ልጅቷስ?" አልኳት።

"አትበላም። እናቴ ሞታለች ነው የምትለው። ኢንጅባራ ናት ስላት ይብስባታል።"

ወዲያው ገባኝ። ጎረቤታችን የሆነችው የልጄ ጓደኛ እናት ታማ ኢንጅባራ ሐኪም ቤት ሄደች ተብሎ፣ የተመለሰው ሬሳዋ ነው። ለልጄ ኢንጅባራ ማለት እናት ሄዳ የማትመለስበት አገር ነበር። ፈታሿ "ይበቃል" አለች። ከዚያ ቀን በኋላ መገናኘቱም ተከለከለ።

ያን ሰሞን ላብድ ምንም አልቀረኝም። የምጎርሰው ሁሉ ከልጄ አፍ የተነጠቀ እየመሰለኝ አልወርድ ይለኛል።  አንድ ጧት ሴትዮዋ ከልብስ ሳሙናቸው ላይ ስስ ስባሪ ላጥ አደረጉ። ልብስ ሰፊ ጠቆር ያለ ጨርቅ ላይ የሚያሰምረው በዚያ ነው። ብርድ ልብሱን ወለሉ ላይ ወጠር አድርገው ዘረጉና ስባሪውን ሰጡኝ።

"ከዚህ እስከዚህ መስመር አስምሪ፤ ሳትሰብሪ።"

"ለምን እትዬ?"

"እጅሽ ይንቀጠቀጣላ።"

የመጀመሪያው መስመሬ የሰካራም መንገድ ነበር። በመዳፋቸው አሹት፣ ጠፋ፤ እንደገና አሰመርኩ። የጧቱ ሕግ ይኸው ሆነ። ቀጥ ያለ መስመር፣ ቀጥሎ የአንገት ቅድ፣ ከዚያ እጅጌ የሚገጠምበት የብብት ቅድ። ለጀማሪ የብብቱ መከራ ነው። "በጣትሽ አታዙሪው፣ በክንድሽ ነው" ይሉኛል እስኪሰለቸኝ። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። "በይ አሁን ደግሞ እንደፈለግሽ አበላሺ" ይላሉ። እሳቸውም ያበላሻሉ፤ ኮፍያ ያደረገ አህያ፣ የዘበኛ ጫማ ውስጥ የተኛች ድመት።

እኔ ማበላሸቱን ጠላሁት። ልጄ ጦሟን እያደረች መጫወት ነውር ሆነብኝ። መስመሩ ግን ተስማማኝ፤ መስመር ሲሰመር አይታሰብም። ከሰዓትም እሱኑ ቀጠልኩ፣ ጣቴ እስኪላጥ ድረስ። አንድ ቀን ሳሙናውን ቀሙኝ።

"ቀኑን ሙሉ የሚያሰምር ልብስ ሰፊ ጨርቅ ይጨርሳል እንጂ ልብስ አይወጣለትም። ቤትሽ ሳለሽ ምን ትስዪ ነበር?"

"ፈረስ" አልኩና ለቅሶዬ መጣ።

ነገርኳቸው። ደጃችን የጋሪ መቆሚያ ነው። ማታ ማታ ልጄ በተበላሸ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ጀርባ ላይ ፈረስ ሳዪልኝ ትለኛለች። አልችልበትም፤ ፈረሴ ሁልጊዜ በግ ይሆናል። "በግ ነው" ትላለች፣ "ፈረስ ነው" እላለሁ፣ እንከራከራለን። ሦስት እግር ስዬ እሰጣታለሁ፤ አራተኛውን የምትጨምረው እሷ ናት። ያለዚያ አትተኛም።

ሴትዮዋ ጥግ ላይ ወደተከመረው የቆሸሸ ልብሴ ዞሩ። "ጥቁር ጉርድ አለሽ አይደል?" አሉኝ።

ወረቀት ባይወጣ ልብስ ይወጣል። ሁለት ሳምንት ፈረስ ተለማመድኩ። የብብት ቅዱ የፈረስ አንገት ሆነልኝ፣ የአንገት ቅዱ ሆድ ሆነልኝ። በሁለተኛው ዓርብ ጉርዱ ላይ እውነተኛ ፈረስ ሳልኩ፤ አራት እግር፣ የቆመ ጆሮ፣ ጋማ ያለው። እንዲህ ያለ ነገር ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ሴትዮዋ "ያምራል" አሉ። "ግን አንቺ እንደሳልሽው በምን ታውቃለች?"

እውነታቸውን ነው። ይሄን ፈረስ ማንም ሊስለው ይችላል። የእናቷ እጅ ያ በግ የሚመስለው ነው። በመዳፌ አሸሁት። እንደ ድሮዬ ለመሳል ስሞክር ግን አቃተኝ፤ እጄ ሥርዓት ለምዶ ቀጥ ቀጥ ይልብኛል። "አበላሺ አላልኩሽም?" አሉና ብርድ ልብሱ ጥግ ላይ ያን ባለኮፍያ አህያቸውን መሳል ጀመሩ። መነጽር ሲያደርጉለት ሳቅኩ። ከታሰርኩ የመጀመሪያዬ ነው፤ ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። እየሳቅኩ ሳልኩት። ወፍራም፣ አንገተ አጭር፣ ባለ ሦስት እግር። ሲደርቅ ጨርቁን ነክሶ እንዲይዝ ሳሙናውን ውሃ እያስነካን ደገምንበት።

ቅዳሜ የቆሸሸ ልብሴን ይዤ መፈተሻው ጠረጴዛ ጋ ወጣሁ፤ ፈታሿ ልብሱን አንድ በአንድ እያራገፈች ጉርዱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ይሄ ምንድን ነው? ሦስት እግር ያለው በግ?"

"ፈረስ ነው" አልኩ።

"ለማን ነው?"

"ለልጄ።"

"አጥፊው።"

 እጄን አየሁት፤ አይንቀጠቀጥም ነበር።

"እኔ አላጠፋውም። መጥፋት ካለበት አንቺ አጥፊው" አልኳት።

መዳፏን ፈረሱ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ጉርዱን አጣጥፋ ከሌላው ልብስ ለየችና ከጠረጴዛው ሥር ጣለችው። ወደ ክፍሌ መለሱኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላው ልብስ ታጥቦ ገባ፤ ጉርዱ አልመጣም። ከዚያም ወዲያ አልመጣም። ፈታሿ ተቀየረች። በዚያው ሳምንት ሴትዮዋን "ዕቃሽን ያዢ" ብለው ወሰዷቸው፤ ወዴት እንደሆነ አልተነገረኝም። ብርድ ልብሱን ለኔ ትተው በሩ ላይ "ከሰዓቱን እንዳትረሺ" አሉኝ። ረሳሁት። አምስት ወር ብቻዬን፣ ጉርዱ ተቃጥሏል፣ ልጄም አልተረፈችም እያልኩ፣ ጧትም ማታም መስመር ብቻ አሰመርኩ። አህያቸው ያለበትን ጥግ ግን አልነካሁትም።

የተፈታሁት ያለ ክስ ነው። ዳንግላ መናኸሪያ ወርጄ በጋሪ እህቴ ቤት ደረስኩ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ እንጂ አልሮጠችም። ከኋላዋ ምስማር ላይ ጉርዴ ተሰቅሏል፤ አልታጠበም።

"ፈታሿ ከበሩ ውጭ ድረስ ተከትላ ሰጠችኝ፤ 'ለብቻው ያዢው እንዳይታሽ' ብላ" አለች እህቴ። "ላጥበው ስል ልጅቷ አገር ይያዝልኝ አለች። ማታውን ራሷ እንጀራ ጠየቀች።"

ተጠግቼ አየሁት። በጠመኔ የተሰመረ፣ ጠማማ፣ ከሦስቱ የረዘመ አራተኛ እግር ነበረው።

ዛሬ ልጄ ትምህርት ቤት ገብታለች። ሱቄን ከመክፈቴ በፊት በተበላሸ ወረቀት ላይ መስመር አሰምራለሁ፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አብረን እናበላሻለን። ሴትዮዋን ገበያው ውስጥ ጠይቄ ጠይቄ ደከመኝ። በስፌት መኪናቸው ሌላ ሰው ይሰፋል፣ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። ብርድ ልብሳቸው እኔ ዘንድ ነው። የአህያው ኮፍያ ደብዝዟል፣ መነጽሩ ግን አሁንም ይታያል። እሳቸው እስኪመጡ አላጥበውም።