የአቢሶ ሾትገንና ሁለቱ ቁልፎች

አቢሶ መጀመሪያ ያየው አፈሙዙን አይደለም፤ ብሎኖቹን ነው። ያገለገለውን ሾትገን ከባንኮኒው ላይ በሁለት እጁ አነሳና አፉን ሰው ወደሌለበት ግድግዳ አዞረ። የፊት መያዣውን ወደ ኋላ ሳበ፤ ጥይት የሚገባበትን ቦታ በዓይኑ አየ፤ ዓይኑን አላመነውምና ትንሿን ጣቱን ከትቶ ዳሰሰ። ባዶ ነው። ከዚያ መሣሪያውን አጋድሞ የእያንዳንዱን ብሎን ራስ በአውራ ጣቱ ጥፍር እየፈተሸ ሄደ። ጥፍሩን ቧጨር ካደረገው፣ ሙያ የሌለው ሰው በማይመጥን መፍቻ ሲታገለው ኖሯል ማለት ነው። ሆሳዕና ከተማ ሳለ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበርና ይሄ ልማድ ከእጁ አልወጣም፤ ብሎኑ የተበላ ዕቃ አይገዛም።

ብሎኖቹ ደህና ናቸው። ሰደፉ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስንጥቅ ፈለገ፤ የለም። ሻጩ በርሜሉን ፈትቶ ሰጠው፤ ወደ መስኮቱ አንስቶ በውስጡ አየ። መሃሉ ላይ ጭረት የመሰለች ነገር ታየችው። በርሜሉን ቀስ ብሎ ሲያዞረው ጭረቷ አብራ አልዞረችም፤ የመስኮቱ ፍርግርግ ጥላ ኖራለች። መልሰው ገጠሙትና ባሩድ የሌላቸውን የመለማመጃ ጥይቶች አጎረሱት። ሳበ፣ ገፋ፤ አንዱ ቱር ብሎ ወጣ። ሳበ፣ ገፋ፤ ሌላው ተከተለ። አንድም አልተቀረቀረ።

"ሰውዬ፣ ልትገዛው ነው ልታገባው?" አለ ሻጩ።

ሻጩ ቤኖኒ ከተማ ውስጥ መሣሪያ ሲሸጥ ያረጀ ነጭ አፍሪካነር ነው። ደንበኛው ሁሉ ኡም ሄኒ ይለዋል፤ "ኡም" በነሱ ቋንቋ አጎት እንደማለት ነው።

"ኡም ሄኒ፣ ሚስቴን እንኳ እንዲህ አላገላበጥኳትም።"

"እንኳንም አላደረግከው። ጥላህ ትሄድ ነበር።"

አቢሶ ሳቀ እንጂ እግሩ አላረፈም። ቆሞ እያለ እንኳ አንዱን ተረከዝ ወለሉ ላይ ይቀጠቅጣል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ዞር ይላል። ከባለፈው ዝርፊያ ወዲህ እንዲህ ሆኗል። ዳቬይተን ሰፈር ውስጥ ከዘነበ ጋር በሽርክና የሚሠሩበት ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ከብረት ኮንቴይነር የተሠራ ነው፤ ከፊት የመሸጫ መስኮት አለው፣ ከኋላ ደግሞ አንድ ሰው የሚተኛበት ጠባብ ክፍል። ሌቦቹ የጣራውን ብረት ቆርጠው ነው የገቡት። ያን ቀን ተረኛው ዘነበ ነበር። በፌሮ ብረት የተመታው ግራ እጁ ድኗል፤ ሁለቱ ጣቶች ግን ዛሬም አይታጠፉም። አቢሶ በነጋታው ነው "መሣሪያ ሳልገዛ አልቀመጥም" ያለው፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ በእውነትም አልተቀመጠም። ቋሚ መኖሪያ ፔፐር ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ሥልጠናውን ወሰደ፣ ፈተናውን አለፈ፣ አሻራ ሰጠ። የቀረው አንዱን መርጦ በስሙ ፈቃድ መጠየቅ ነው።

"እስቲ አዲሱንም አሳየኝ።"

አዲሱ ከቱርክ የመጣ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሰደፉ ፕላስቲክ የሆነ ነው። አቢሶ መዘነው። ቀለል ይላል፤ ቀላል መሣሪያ ደግሞ ሲተኮስ ትከሻ እንደሚሰብር ሥልጠናው ላይ ቀምሶታል። መያዣው ገና ስላልለሰለሰ ሲሳብ ይንቋቋል።

"አዲሱ ዋስትና አለው፤ ቢበላሽ ትመልስልኛለህ" አለ ኡም ሄኒ።

"አሮጌውስ?"

"አሮጌው የሚበላሸው ነገር ሁሉ ተበላሽቶ፣ ተጠግኖ አልቋል።"

ዋጋው የአዲሱ ግማሽ ነው፤ መለዋወጫውም በየሱቁ አለ። በሚተርፈው ደግሞ ሕጉ የሚያዘውን የብረት ካዝና ይገዛል፤ ካዝናው ከወለሉ ጋር መታሰር ስላለበት የኮንቴይነሩ ወለል ላይ በራሱ እጅ ይበይደዋል። አቢሶ አሮጌውን ወደ ራሱ ሳበ።

"ይሄን ልያዝ። ካዝናውን ግን ባለ ሁለት ቁልፍ አድርግልኝ።"

"ሁሉም ባለ ሁለት ቁልፍ ነው። ትርፉን የት ልታስቀምጠው ነው?"

"ዘነበ ጋ።"

"ዘነበ ማነው?"

"ሸሪኬ። በተራ ነው የምንተኛው፤ እኔ በሌለሁበት እሱ ነው የሚይዘው።"

ኡም ሄኒ ሾትገኑን ከአቢሶ እጅ ወሰደና ከኋላው መደርደሪያ ላይ አቆመው።

"ፈቃድ አለው?"

"ያለው የጥገኝነት ወረቀት ነው።"

"እንግዲያው ቁልፉን አይነካም። ፈቃዱ የሚወጣው ባንተ ስም ነው። አንተ አጠገቡ ቆመህ ካላየኸው በቀር እጁን አያሳርፍበትም። ቁልፉ እሱ ኪስ ውስጥ ቢገኝ ሁለታችሁም ትታሰራላችሁ። ሥልጠናው ላይ አልነገሩህም?"

ነግረውታል። "ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ" ሲባል ከሰልጣኞቹ ሁሉ ቀድሞ ራሱን የነቀነቀው እሱ ነበር። ዘነበ "ሌላ ሰው" መሆኑ ግን አልታሰበውም። የመሸጫው መስኮት፣ የጓሮው በር፣ ፍሪጁ፣ የገንዘብ ሳጥኑ፣ ሁሉም ሁለት ሁለት ቁልፍ አለው። ተራ ሲለዋወጡ ከሱቁ የወጣው ዕቃ ሊገዛ ጀፕ ወደሚባለው የአበሾች ገበያ ሰፈር ይሄዳል፣ ከጀፕ የመጣው ሱቅ ይገባል። እነሱ ብቻ አይደሉም፤ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር የሚሠራው አበሻ ሁሉ አኗኗሩ ይሄው ነው። የሱቅ ዕቃ "የማን ነው?" ተብሎ አይጠየቅም።

"እስከ ዓርብ አቆይልኝ" አለና ወጣ። የታክሲው ሰልፍ ረዘመበት፤ አንዴ ትቶት ሊሄድ ወጣ፣ ተመልሶም ከመጨረሻው ቆመ።

ዘነበ ጀፕ ሁልጊዜ በሚገናኙበት ምግብ ቤት ዱቄቱንና ዘይቱን በር ላይ ከምሮ ይጠብቀዋል። ተራው የሚጀምረው ዛሬ ነው። አቢሶን ገና ሲያየው በደህናው እጁ የተኩስ ምልክት ሠራ።

"እህ፣ ገዛኸው?"

አቢሶ ወንበሩን ሳበ እንጂ አልተቀመጠም። ቆሞ ሁሉንም ነገረው። ዘነበ ሰማና ራሱን ነቀነቀ።

"ቆይ፣ እኔ ተራ ስገባ መሣሪያው ካንተ ጋር ዕረፍት ይወጣል ማለት ነው?"

"አይወጣም። ካዝናው ውስጥ ይቆለፋል።"

"እኔስ?"

"አንተ… እዚያው ትተኛለህ።"

"እሱ ይጠብቀኛል ስል እኔ እሱን ልጠብቅ! አቢሶ፣ ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ ንግድ የት ተማርክ?" ዘነበ ሳቁን አልጨረሰውም። "ደግሞ መሣሪያ መግባቱን ሰፈሩ በሁለተኛው ቀን ይሰማል። ለስኳር የመጣው ሌባ ለጠመንጃው ይመጣል። የሚያገኘው ደግሞ እኔን ነው።"

"እንግዲያው እኔ ሁልጊዜ ልተኛ፤ የጀፕን ሥራ አንተ ያዝ።"

"ሚስትህ ዲቦራስ? ልጅህ ማራናታ እኮ ከቤት ስለምትጠፋ እንደ ደንበኞቹ 'ማይ ፍሬንድ' ብላ ነው የምትጠራህ።"

አቢሶ ወደ መንገዱ አየ። ዘነበ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ አለና ድምፁን ቀነሰ።

"ቁልፉን ብቻ ስጠኝ። ማን ያያል?"

ይሄን ጊዜ አቢሶ ተቀመጠ። ሲመጣ ታክሲ ውስጥ እሱም ያው ሐሳብ አቃጥሎት ነበር። የዘነበን የማይታጠፉ ጣቶች አየ፤ ጨርቅ ላይ እንደተረሱ የስፌት መርፌዎች ቀጥ ብለዋል። ቁልፉን ቢሰጠው ከሌባ ያድነው ይሆናል፤ ፖሊስ ቢያገኝበት ግን ስደተኛን ከአገር ለማባረር ሰበብ ከሚፈልጉት ፊት አቢሶ ራሱ አቀረበው ማለት ነው። ባይሰጠው ደግሞ መሣሪያው በዘነበ ተራ ሌባ መጥሪያ ነው።

"አይሆንም" አለ። "ላንተ ያልሆነ ነገር ሱቁ ውስጥ አይገባም።"

እዚያው ስልኩን አወጣና ቤኖኒ ደወለ።

"ኡም ሄኒ፣ ልጅቷን ሌላ ሰው ያግባት።"

"ሌላ አገኘህ እንዴ?" አለ ሽማግሌው።

"በር አገኘሁ።"

ወዲያው የካርቶን ክዳን ቀዶ በእስክሪብቶ መሳል ጀመረ። ጣራው ሁለተኛ ላሜራ ከሥር ይደረብለታል፤ በሁለቱ መሃል ፌሮ ይገባል። በመኝታውና በሱቁ መካከል የብረት በር ይቆማል፤ ማጠፊያው ወደ ውስጥ፣ መቀርቀሪያው እንደ ክንድ የወፈረ። ጎጎ፣ ማለትም አያቴ፣ ከሚሏት ጎረቤት ቤት ደግሞ የሚጮህ ደወል ይዘረጋል፤ አሮጊቷ ዘነበን "ልጄ" ነው የምትለው፣ እምቢ አትልም። ዘነበ ካርቶኑን አዙሮ አየና "በግራ እጅ የሚከፈት እንዳይሆን ብቻ" አለ። አቢሶ መቀርቀሪያውን ሰርዞ በቀኝ በኩል አዞረው።

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ላሜራው ግን የሚደርሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ታክሲው ዱቄቱንና ዘይቱን ጭኖ ሲነሳ አቢሶ የራሱንም የሱቅ ቁልፍ በመስኮት ወረወረ፤ ዘነበ በቀኙ ቀለበው። አቢሶ ታክሲው ከታጠፈ በኋላም ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ከተተ፣ እንደገና አወጣ። ዘነበ ገና ከጀፕ አልወጣም ነበር።

እንግዲህ አቢሶ ይሄን የምታነቡትን አንድ ነገር ይለምናችኋል፤ ቃሉም ይኸው፦ "በሩ እስኪቆም ድረስ በዳቬይተን በኩል የምታልፉ ካላችሁ፣ ከውኃ ጋኑ ፊት ለፊት ወዳለው አረንጓዴ ኮንቴይነር ጎራ በሉ። የምትገዙት ባይኖር እንኳ ዘነበን ሰላም በሉት፤ ቀጥላችሁም ደህና መሆኑን ደውላችሁ ንገሩኝ። በጓሮ በኩል እንዳትመጡ፤ በፊት ለፊት ኑ። ከማንኳኳታችሁ በፊት ደግሞ ስማችሁን ተናገሩ፤ የብረት ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል።"