ማርሊስ ለመድኃኒቷ ያቀረበችው ማስረጃ

ጎረቤቴ ማርሊስ ሆቭላንድ በደቡብ ዳኮታ ሜዳ ከእርሻ እርሻ መኪና እየነዳች የፈረስ ኮቴ ትሞርዳለች፣ ብረት ትገጥማለች። ተራጋጭ የተባለ ፈረስ እንኳ እሷ ፊት ጨዋ ይሆናል። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። በወጣትነቷ ግን አንድ መድኃኒት ተስማማትና ከዚያ ወዲህ ወድቃ አታውቅም። ስለማትወድቅ መኪና ትነዳለች፤ ስለምትነዳ ሥራ አላት።

እዚህ ለራሱ የሚሠራ ሰው የጤና መድኑን በየዓመቱ ኅዳር ላይ ራሱ ይመርጣል። የአምናው የመድን ኩባንያዋ ከአውራጃችን ስለወጣ፣ ማርሊስ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ ሌላ ኩባንያ የሚሸፍናቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ኮምፒውተር ላይ ከፈተች። ሁላችንም እንደምናደርገው የመድኃኒቷን ስም ጽፋ ፈለገች፤ ስሙ ቢጫ ሆኖ ብቅ ሲል ዝርዝሩን ዘግታ ኩባንያው ጋ ተመዘገበች። "አለ!" ብላ ደወለችልኝ። እኔም ሞኙ ደስ አለኝ።

ጥር ላይ ፋርማሲስቷ ቴሳ አንገቷን ደፍታ ባዶ እጇን መለሰቻት። ለካ ከስሙ ጎን ሁለት ትንንሽ ፊደላት ነበሩ፤ ትርጉማቸው "መጀመሪያ ርካሹን መድኃኒት ሞክሮ አለመሥራቱን ያስረዳ" ነው። ርካሹን በወጣትነቷ ሞክራው ከኮርቻ ላይ ወድቃለች። ግን ያኔ ያከማት ሐኪም ሞቷል፣ ክሊኒኩም ተዘግቷል። የአሁኑ ሐኪሟ ለኩባንያው ቢጽፍም "ማስረጃ" አሉ። ከኪሷ እንዳትገዛው ዋጋው አይቀመስም።

እኔ ቤት ቁጭ ብለን ወደ ኩባንያው ደወለች።

"ዝርዝሩ ላይ ተገልጿል ወይዘሮ" አላት ስልኩን ያነሳው ልጅ።

"የት?"

"መጨረሻው ገጽ ላይ፣ የምልክቶች ማብራሪያ ውስጥ። ሕጉ ለሕዝብ ይፋ ይሁን ይላል፤ ይፋ አድርገናል።"

"አንተ ልጅ፣ ርካሹ መድኃኒት አይሠራልኝም እያልኩህ ነው! እወድቃለሁ!"

"ይገባኛል። ማስረጃ ካለዎት ይላኩልን።"

"እኮ ማስረጃው መውደቄ ነው?"

"ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?" አላት ልጁ። ስልኩን ነጥቄ ልኩን ልነግረው ስል እጄን ያዘችኝ።

"ተወው ኦሪን፣ እሱ ምን ያድርግ።"

እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የድሮው መድኃኒቷ ሲያልቅ ርካሹን ጀመረች።

"ለጊዜው እንኳ ፈረስ ሥር አትግቢ" ብላት፣ "ታዲያ ኮቴውን ከላይ ተቀምጬ ልሞርደው?" ብላ ሳቀችብኝ።

የካቲት ላይ አንድ በረት ውስጥ የፈረስ እግር ጭኗ ላይ እንዳስደገፈች ወደቀች። ፈረሱ ከቆመበት ንቅንቅ ባለማለቱ ተረፈች። ሆስፒታሉ መውደቋን ጻፈ፤ ኩባንያው ወዲያው መድኃኒቷን ፈቀደ። በሽታው የጣለው ሰው ደግሞ ለወራት መኪና አይነዳም፤ ሕግ ነው።

መድኃኒቱን ከቴሳ ተቀብዬ ያመጣሁላት እኔ ነኝ። ጠርሙሱን እያገላበጠች ብዙ አየችው። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ወደ እኔ ገፋችው።

"በል ያዝ፤ አሁን አምነውኛል።"