እናቴና ማይኩ

ማይክ ሲጥ ብሎ ሲጮህ፣ ያ ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ከማጉያው ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ የጂንካው የቀበሌያችን አዳራሽ ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል።

«ማይክ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት እዚያ ነበር። በበጋ ውሃ ሲጠፋ ስብሰባ ይጠራና እናቴ እኔን አስከትላ ከኋላ ትቀመጥ ነበር፤ እጇን ስታወጣ ግን ማይኩ በአጠገቧ አልፎ፣ አማርኛ ወደሚቀናቸው ነጋዴዎችና የቢሮ ሠራተኞች ይሄድ ነበር። እናቴ አሪ ናት፤ አማርኛ የለመደችው ገበያ ውስጥ ነው።

የበልጉ ዝናብ ሲጀምር፣ ከቤት መውጣት አቅቶን ተቀምጠን ሳለ፣ የቃሉን ትርጉም አባቴን ጠየቅሁት። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለነበር ማስረዳት ይወድ ነበር።

«ሙሉ ስሙ ማይክሮፎን ነው፤ ፈረንጆቹ ሲቸኩሉ አሳጥረው ማይክ አሉት። ከግሪክ የመጣ ነው፤ ማይክሮ ትንሽ፣ ፎን ደግሞ ድምፅ ማለት ነው።»

ጎመን እየከተፈች ትሰማ የነበረችው እናቴ ቀና አለች። «ትንሽ ድምፅ ላለው ሰው ከተሠራ፣ ለምን ለእኔ አይሰጡኝም?» 

በሚቀጥለው በጋ የሰፈራችንን የውሃ ቦኖ ነቅለው ከአዲሱ ሆቴል አጠገብ ሊተክሉት መሆኑ ተሰማ። ቦኖው ከሄደ እኛ ሴት ልጆች ጀሪካን አዝለን ነሪ ወንዝ ድረስ ልንመላለስ፣ ትምህርታችንም ገደል ሊገባ ነው። በስብሰባው ቀን እናቴ እጇን አላወጣችም፤ ብድግ ብላ ወደ ፊት ሄዳ ማይኩን ከሰብሳቢው እጅ መንጭቃ ወሰደች፤ ማይኩም ሲጥ ብሎ ጮኸ።

«ቦይ የቆፈርን እኛ! ድንጋይ የተሸከምን እኛ! ቦኖ የሚነቅል ሰው፣ መጀመሪያ እኔን ይንቀል!»

ሰብሳቢው ምልክት ሰጠና የማይኩ ድምፅ ተቋረጠ። እሷም ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ በአሪኛ ቀጠለች፤ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች አንድ በአንድ እየተነሱ በአሪኛ ሲመልሱላት አዳራሹ በጩኸት ተሞላ። አባቴ መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ በኋላ ግን ማጨብጨብ ጀመረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቦኖውን ሊነቅል የመጣ ሰው አልነበረም።

ዛሬ እኔም የመሥሪያ ቤት ሰው ሆኛለሁ። በየስብሰባው ለእያንዳንዳችን ማይክ ይቀመጥልናል፤ ማብሪያ ማጥፊያው ግን ሰብሳቢው እጅ ነው። ያኔ ስለ እናቴ «አማርኛዋ አይገባም» ይሉ ነበር፤ አሁን «ሰዓት የለንም» ይላሉ። ይበሉ! እኔ የእሷ ልጅ ነኝ፤ ሲያጠፉብኝ ተነስቼ እናገራለሁ።