ጥላው ከሰይፉ ላይ ሲሸሽ

በቴአትር ቁሳቁስ ሠሪነት ሥራ የጀመርሁ ዕለት በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለው አሮጌ መጋዘን ግቢ የተገኘነው አምስት ሰዎች ነበርን፤ አዘጋጇ ሰብለ፣ ዋናው ተዋናይ ሙክታር፣ ልብስ ሰፊዋ ፋጡማ፣ ከመጋላ የመጣው ጫማ ሠሪ ኢብሳ፣ አምስተኛው እኔ። እኔ በባቡር ጥገና ክፍል ብረት ስሞርድ ኖሬ፣ ኋላም የቴክኒክ ንድፍ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ።

ሰብለ አንድ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። በተውኔቱ ውስጥ ከምድር በታች የሚኖረው ንጉሥ የሚታጠቀው ሰይፍ ነበር፤ ጫፉ እንደ እባብ ምላስ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ ያወጣ፣ ቁመቱ ከሰው ደረት የሚደርስ። «ልክ ይህንኑ እፈልጋለሁ» አለች። ሥራው ለእኔ ተሰጠ፤ ኢብሳ የተጠራው ለጫማዎቹ ነበር።

ሥዕሉን በሚሊሜትር ወረቀት ላይ አሳደግሁት። ላሜራ ቆርጬ፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ሞርጄ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አስረከብሁ። ልኬቱ ከሥዕሉ ዝንፍ አላለም። ሙክታር አነሣው፤ ትከሻው ላይ ሳያደርሰው መልሶ አወረደው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰይፍ ነው ወይስ ሐዲድ ነቅለው ነው?» አለ። ፋጡማ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

በማግስቱ ጠዋት ኢብሳ አንድ ነገር በብብቱ ሸጉጦ መጣ። የጫማ ሶል የሚወጣበትን ለስላሳ ስፖንጅ ቆርጦና ደራርቦ፣ በማስቲሽ አጣብቆ፣ ያንኑ ሰይፍ ሠርቷል። የለካው በዓይኑ ነው። ሙክታር ተቀብሎ በአንድ እጁ አሽከረከረው።

«አቦ፣ ሰይፍ እንዲህ ነው እንጂ» አለ።

ሰብለ ወደ እኔ ሳታይ ኢብሳን፣ «ብርማ ቀለም ቀባው፤ ነገ ልምምድ ላይ እንሞክረዋለን» አለችው። ከነገ በኋላ የመድረክ መሣሪያ ሥራ ከእጄ ወጥቶ ወደ እሱ እንደሚሄድ ገባኝ።

ያን ዕለት የተሰማኝን በስሙ ለመጥራት ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ቅናት ነበር። ኢብሳ ቀለም ሊገዛ ሲወጣ ካሊፐሬን አውጥቼ የእሱን ሰይፍ ጥርሶች ለካሁ። ግማሽ ሚሊሜትር ስሕተት አገኘሁ፤ ደስም አለኝ።

ድሬ በቀትር ሥራ ያቆማል። ኢብሳ የቀባውን ሰይፍ በግቢው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሳንቃ ላይ አጋደመው።

«ጋሼ፣ እዚሁ ነዎት አይደል?»

«አለሁ።»

ለምሳና ለሶላት ወደ መጋላ ሄደ። ሌሎቹም ወጡ። እኔ ከዛፉ ሥር ወንበር ስቤ መጽሐፍ ገለጥሁ። ጥቂት ቆይቶ ጥላው መሸሽ ጀመረ። መጀመሪያ እጀታው፣ ቀጥሎ ጥርሶቹ፣ በመጨረሻም ሁለቱ ምላሶች ፀሐይ ላይ ቀሩ። ማስቲሽ ሳይጠና ፀሐይ ካገኘው እንደሚለቅ አውቃለሁ። ወንበሬን ሁለት ጊዜ ወደ ጥላው አስጠጋሁ። ሳንቃውን አልነካሁም።

በአሥር ሰዓት ሲመለሱ ሰይፉ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተጠቅልሎ፣ ምላሶቹ ተላቅቀው ነበር። ኢብሳ አጎንብሶ አየው። ከዚያም የወንበሬ እግሮች አቧራው ላይ የተዉትን መስመር በዓይኑ ተከተለ።

«እያነበቡ ነበር፣ ጋሼ?»

«አዎን፣ እያነበብሁ ነበር።»

«መጽሐፉ ጥሩ ነው ማለት ነው» አለ።

ከቁርጥራጮቼ መካከል አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። በማግስቱ ልምምድ ላይ ሰይፉ ቀጥ ብሎ ቀረበ፤ ዘንጉን መሐል አስገብቶ እንደ ገና አጣብቆታል። ሙክታር ሲያደንቀው ኢብሳ፣ «ቆዳው የኔ ነው፤ አጥንቱ የጋሼ ነው» አለ። አጨበጨቡልኝ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያፈርሁበት ጭብጨባ የለም።

ሰብለ ኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረች። ሙክታር በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል። ፋጡማ መልካ ጀብዱ ላይ የራሷን ልብስ ስፌት ከፍታለች። የመድረክ መሣሪያውን ኢብሳና እኔ አብረን እንሠራለን፤ ያጣበቀውን ሳንቃ ላይ ባጋደመ ቁጥር፣ «ጋሼ፣ ጥላው ሲሄድ ይንገሩኝ» ይለኛል። ስለዚያ ቀን አንድም ቀን ነግሬው አላውቅም፤ ከዚህ ጽሑፍ ያነበዋል።

ወደዚህ ሥራ ለሚገቡ የምለው ይህ ነው፤ ማስቲሽ የሚደርቀው በጥላ ነው፤ ጥላው ሲሸሽ ያየ ሰው፣ ሥራው የማንም ይሁን የማን፣ ሳንቃውን ያንሣ።

ከአምስታችን በመጋዘኑ የቀረነው ሁለት ነን።