ሰው የሌለን ከተማ

እኛ ቤት ዩኒቨርሲቲ የሚመረጠው በአንድ ጥያቄ ነው፦ እዛ ሰው አለን ወይ? የትምህርቱ ጥራት፣ አስተማሪው፣ ላብራቶሪው ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ከመጣ።

አባቴን ብቻ አይደለም የማማው። ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ የውጭ ትምህርት አማካሪ ቢሮ ሄጄ ነበር። አማካሪው ልጅ ትራንስክሪፕቴን ሳይገልጥ፣ "ዘመድ የት የት አለሽ?" አለኝ። ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ። ከዛ ቀን ጀምሮ ሁሉንም ፎርም ራሴ ሞላሁት። ትዕግስት የለኝም፣ ግን እልህ ነበረኝ፤ እልህም ፎርም ይሞላል።

በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ብዙም ሳልቆይ ሁለት ቦታ ተቀበሉኝ። አንደኛው ካናዳ፣ አክስቴ ያለችበት ከተማ፣ ፕሮጀክት ማኔጅመንት። ሁለተኛው ጀርመን፣ አባቴ ስሟን እስከዛሬ አስተካክሎ የማይጠራት ትንሽ ከተማ፣ የውሃ ምህንድስና፣ ከነስኮላርሺፑ። እኔ ለማሰብ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ያደገ ሰው ለምን ውሃ ማጥናት እንደፈለግኩ አይጠይቀኝም። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው። መጣ ሲባል እናቴ የምታናግረው ሰው ጆሮ ላይ ስልኩን ዘግታ ወደ ጀሪካኑ ትሮጣለች። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን አምስት ዓመት ተምሬም በደንብ አልገባኝም። እንዲገባኝ ፈለግኩ፣ በቃ።

"ካናዳ" አለ አባቴ።

"አባዬ፣ ፕሮጀክት ማኔጅመንት አልፈልግም።"

"ታዲያ ለምን አመለከትሽ?"

"አንተ አመልክቺ ስላልከኝ።"

"አሁንም ሂጂ እያልኩሽ ነው።"

አባቴ ገርጂ የሴራሚክ ሱቅ አለው። በወጣትነቱ ከወሎ ሲመጣ ያረፈው አጎቱ ቤት ነው፤ ሥራ ያስያዘውም፣ እናቴን ያስተዋወቀውም አጎቱ ነው። ለሱ ሰው የሌለበት አገር መሄድ ድፍረት አይደለም፣ እብደት ነው። ሦስት ሳምንት ተጨቃጨቅን። መልስ የምሰጥበት የመጨረሻው ቀን ሰኞ ነበር። ሐሙስ ዕለት እናቴ ሰለቻት።

"በጭቅጭቅ አታሸንፊውም" አለችኝ። "አባትሽ ሰው የሚያከብር ሰው ነው። ሰው ላኪበት።"

"ሽማግሌ? ለዩኒቨርሲቲ?"

"ለጋብቻ ይላካል፣ ለጸብ ይላካል። ለዚህ ምን ነውር አለው?"

ከግቢያችን ፊት ለፊት ወደሚኖሩት ጡረታ የወጡ የሂሳብ አስተማሪ ሄድኩ። የሁለቱንም ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡ።

"የጀርመኑ ይሻላል" አሉ። "እሁድ ጠዋት እንመጣለን። አንቺ ግን ሳሎን ዝር እንዳትዪ። አፍሽን አውቀዋለሁ።"

እሁድ ሦስት ሆነው መጡ፦ አስተማሪው፣ የእድራችን ሰብሳቢ፣ እና አባቴ እንደ ታላቅ ወንድም የሚያያቸው አንድ የወሎ ሰው። እኔና እናቴ ከጓዳው በር ጀርባ ቆመናል። አባቴ ወንበር ሳበላቸው፤ አልተቀመጡም። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ ምን ብሎ እንደሚተረጉመው ግን አላሰብኩበትም ነበር።

"ኧረ ቁጭ በሉ።"

"እንቀመጣለን። መጀመሪያ ስማን" አሉ አስተማሪው። "የመጣነው ስለ ልጅህ ነው።"

የአባቴ ፊት ሲለዋወጥ በበሩ ክፍተት ታየኝ። እሁድ ጠዋት፣ ሦስት ሽማግሌ ቆመው፣ ስለ ልጅህ። ማን እንደላካቸው እንኳን አልጠየቀም።

"አክብራችሁ መጥታችኋል፣ አክብሬ ልመልስ" አለ። "ልጄን አልድርም። ገና ትማራለች።"

አስተማሪው ሊያርሙት አፋቸውን ሲከፍቱ የእድሩ ሰብሳቢ ክንዳቸውን ያዝ አደረጓቸው።

"የት ነው የምትማረው?" አሉ ሰብሳቢው።

"ውጭ። ተቀብለዋታል።"

"እኮ፣ ውጭ የት?"

"የፈለገችበት! የትም ሄዳ ትማር። ትዳር የሚባል ነገር ግን አሁን የለም።"

ሦስቱም ተቀመጡ።

እናቴ አፏን በሻርፗ አፈነች።

"እንግዲህ እኛም ሌላ አልፈለግንም" አሉ አስተማሪው። "የላከችን ራሷ ናት። ጀርመን ሄዳ ውሃ መማር ነው ፍላጎቷ። አንተም በሰው ፊት ፈቀድክ።"

"አታለላችሁኝ።"

"ከኛ አፍ ምን ወጣ? ተናጋሪው አንተ።"

መጀመሪያ የሳቁት የወሎው ሰው ናቸው። አባቴ የሳቀው ዘግይቶ ነው፣ እሱም በግማሽ ልብ።

ሸኝቷቸው ሲመለስ ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ። ላፕቶፔን ይዤ የተቀመጥኩበት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ቃሌን አላጥፍም" አለኝ። "ግን ልጠይቅሽ። እዛ ብትታመሚ፣ ራስሽን ብትስቺ፣ ማን ነው ደውሎ የሚነግረኝ?"

ስለ ኮርሱም፣ ስለ ቪዛውም፣ ስለ ዶርሙም ለሦስት ሳምንት ስመልስለት ቆይቻለሁ። ይሄን ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ካናዳ ካናዳ ሲለኝ የነበረው ለዚህ እንደሆነም ያን ቀን ነው የገባኝ።

"አላውቅም" አልኩት። "እስካሁን እዛ ማንንም አላውቅም።"

ለጀርመኑ ዩኒቨርሲቲ መልስ የምሰጥበት ፎርም ላይ አደጋ ቢደርስ የሚደወልለት ሰው ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። ባዶ ትቼው ነበር። አሳየሁት። የራሱን ስልክ ቁጥር አንድ በአንድ አስጻፈኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀውን ቁጥር።

"በእንግሊዝኛ ቢያወሩኝስ?"

"ሁለተኛ ሰው መጨመር ይቻላል።"

"የአስተማሪውን ጨምሪ። ዋስ ሆነው መጥተው የለ? ቆይ፣ ሄጄ ላስፈቅዳቸው።"

ጫማውን በደንብ ሳያጠልቅ ወጣ። በመስኮት መንገዱን ሲሻገር አየሁት፣ በራቸውን ሲያንኳኳ አየሁት። እምቢ እንደማይሉ አውቃለሁ። ቁጥራቸው ስልኬ ውስጥ ነበር፤ ጻፍኩትና ፎርሙን ላክኩት።

ሲመለስ፣ "እሺ ብለዋል፣ ጻፊው" አለኝ።

"ልኬዋለሁ" አልኩት።