የሲናሎዋ ናት ወይስ የሆንዱራስ?

ኦሃዮ ውስጥ በየወሩ በሚቆመው የእባብ ገበያ ከባልደረባዬ ከዱዌይን ጋር ተቀምጠን ሳለ አንድ ሽማግሌ መጣ። የፋብሪካ ጃኬቱ አርጅቷል፤ ጫማው ግን ተወልውሏል። በፕላስቲክ ሣጥን የያዛት ትናንት የገዛት፣ «የወተት እባብ» የሚሏት መርዝ የሌላት ባለ ቀይ ቀለበት እባብ ናት። ሲያናግረን ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም።

«የሜክሲኮዋ የሲናሎዋ ዘር ናት ብለው ሸጡልኝ። እውነት ነው?»

ዱዌይን ቀያዮቹን ቀለበቶች በጣቱ እየተከተለ ቆጠረ። «ሃያ ሁለት። የሲናሎዋዋ ቀይ ቀለበቷ ሰፊ ነው፤ ከአሥራ ስድስት ቀለበትም አያልፍም። ይቺ የሆንዱራስ ናት፣ አባባ።»

ሽማግሌው ከደረት ኪሱ ፎቶ አወጣ። አንድ ወጣት አንገቱ ላይ እባብ ጠምጥሞ ይስቃል።

«ልጄ ነው። ይቺን የሲናሎዋ እባቡን ከዚች ይለያት ይሆን?»

«ያችን ያሳደገ ሰው ገና ከበሩ ይለያታል።»

ሽማግሌው ፎቶውን አየት አደረገ። «ያቺ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። እስር ቤት ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር ደህና ናት እለዋለሁ። ማክሰኞ ይፈታል።»

ዱዌይን አንገቱን አከከ። «እንግዲያው ይቺን ለሻጩ ይመልሱለታ!»

ሽማግሌው ጃኬቱን ከፍቶ ሣጥኑን ከብርዱ ሸሸገው።

«አይ፣ እውነቱን እነግረዋለሁ። ባዶ እጄን ሆኜ ግን አልነግረውም።»